ክፍት የተተዉት ሳህኖች

አምና ከጥምቀት በኋላ ነው የሆነው። እስካሁን ባስታወስኩት ቁጥር ፊቴን ትኩስ ትኩስ ይለኛል።

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ አንዴ አጣዬ፣ አንዴ ሸዋ ሮቢት፣ ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው እላለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይኸንንም እየነገርኳት የጻፈችልኝ ሴት ልጄ ናት።

ያኔ እሷ ቤት ነበርኩ፤ ልጇ ሶስና መዋዕለ ሕፃናት ገብታ፣ ሳል ይዟት አልለቅ ብሏል። መምህሯ ዘነበች፣ «ክፍሉ ታፍኖ ነው፤ መስኮቱ ይከፈት ብዬ ስንቴ ለመንኩ፣ እማማ» ትለኝ ነበር። ኃላፊው የባጃጅ አቧራ እንዳይገባ ብሎ መስኮቶቹን በሚስማር አስመትቷቸዋል።

አንድ ረቡዕ ሶስናን ልወስድ ስሄድ ልጆቹ ውጭ ይጫወታሉ። ቦርሳዋን ላነሣ ክፍሉ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አጥሚት የመሰለ ነገር የረጋባቸው ሦስት ትንንሽ ሳህኖች ክዳናቸው ወልቆ ተቀምጠዋል። «የሕፃን ምግብ ለዝንብ ትቶ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው!» ብዬ ሁሉንም ከደንኩና ወጣሁ።

በሳምንቱ ወላጆች ተሰበሰቡ። የክፍሉን አየር ሊመረምሩ የመጡ ሁለት የጤና ጣቢያ ልጆች፣ ባለፈው ረቡዕ ክፍሉ ውስጥ ያስቀመጧቸውን ሳህኖች አወጡ። ምንም አልበቀለባቸውም።

«ይኸው! አየሩ ንጹሕ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የመስኮት ወሬ እንዳልሰማ» አለ ኃላፊው። ዘነበች አንገቷን ደፋች። ሶስና ጭኔ ላይ ሆና ትስላለች። ሳህኖቹን ልብ ብዬ ሳያቸው፣ እኔው የከደንኳቸው ናቸው።

ተነሣሁ። «ልጆቼ፣ እኔ ነኝ የከደንኩት።»

«ምኑን፣ እማማ?» አለች ከጤና ጣቢያዎቹ አንዷ።

«ሳህኑን ነዋ። ምግብ መስሎኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ አባት፣ «እንኳን አልቀመሱት!» አለ።

«ጾም ሆኖብኝ ነው እንጂ» አልኩት።

ሁለቱ የጤና ጣቢያ ልጆች ግን ተያዩ። ለካ ሳህኖቹን ተከድነው ሲያገኟቸው፣ አንዷ ሌላዋ የከደነችው መስሏት ኖሯል። ክፍት የሚተወው በአየር ላይ ያለው ተሕዋስ አርፎበት እንዲበቅል ነው አሉኝ። ምርመራውን ደገሙት። በሁለተኛው ምርመራ ሳህኖቹ ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ አወጡ። «ሁሉም አያሳምምም፤ ግን ክፍሉ በቂ አየር አያገኝም» ብለው አስረዱን።

ኃላፊው ራሱ በፒንሳ ሚስማሩን ነቀለ። ለአቧራው ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ ውኃ ይረጫል።

የሶስና ሳል ቀለል አለላት። በመስኮቱ ይሁን በመድኃኒቱ፣ እሱን አላውቅም።

ወላጆች ዛሬም ሲያገኙኝ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ ዘነበች በእኔ ጥፋት ውሸታም ተብላ ትቀር ነበር።