የጋሽ ተስፋይ መርከብ መርዶ

ይህ የደረሰብኝ ዘንድሮ፣ ሮም ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። የማልረሳው ቅናት ሰውን ምን ያህል እንደሚያሳውር በራሴ ስላየሁ ነው።

እዚሁ ሮም የሚኖሩት የአገራችን ሽማግሌ ጋሽ ተስፋይ፣ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ፣ በአንድ የውጭ አገር የጦር ጭነት መርከብ በወጥ ቤት ሠራተኛነት ተቀጥረው ብዙ ዓመት ዞረዋል። መርከቧ የተሰየመችው በጦርነት በሞተ ወጣት አብራሪ ስም ነው። ፎቶው የመርከቧ መመገቢያ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ስለ ነበር መርከቧን «ልጁ» ይሏታል። ከአብዮቱ ወዲህ አገር ቤት መግባት አልቻሉም። እናም አንድ ቀን «ልጁ» መልሶ ይወስደኛል ብለው ይጠብቁ ነበር።

መርከቧ አሁን የት እንዳለች እየጠየቀች ለባለቤቱ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ የምትጽፍላቸው በሰው ቤት የምትሠራው ሙሉ ናት። እሷን «ልጄ» ይሏታል። እኔን ግን «አንተ ተማሪ»። እሷ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ! አንገበገበኝ።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የመርከቧን የአገልግሎት ታሪክ ከመዝገብ ገለበጥኩ። ሐሙስ ከሰዓት፣ የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ሲወጡ፣ የአገራችን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ባር ውስጥ ቆሜ አነበብኩ። መጀመሪያ የንግድ መርከብ ነበረች። ከዚያ ጦሩ ወስዶ በአብራሪው ስም ጠራት። ጥይትም ዱቄትም አመላለሰች። «በመጨረሻም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣ ፈረሰች» ብዬ ጨረስኩና ምስጋና ጠበቅሁ።

ጋሽ ተስፋይ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልጁ ሁለት ጊዜ ሞተ በለኛ» አሉ።

እጄን ይዛ ወደ ውጭ የጎተተችኝ ሙሉ ናት።

«አንተ! መርዶ እንዲህ ይነገራል? የማመልከቻው መልስ ለእኔ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። እሑድ ጠዋት የአገራቸውን ሰዎች ሰብስበን ቤታቸው ልንነግራቸው ነበር!»

እሑድ ኤስኲሊኖ ሰፈር ያለችው ክፍላቸው በሰው ሞላች። ምግብ ይዞ የመጣም ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አልኳቸው።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ግባ አንተ ተማሪ። መዝገብህ ጥሩ ነው። ግን ማዕበል ሲነሳ ድስቱን በገመድ እናስር እንደ ነበር አይናገርም።»

ቀጥለው ወደ ሙሉ ዞሩ። «ልጄ፣ መዝገቡ የማይናገረውን ልንገርሽ፣ ጻፊ።»

በችኮላዬ ዛሬም አፍራለሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ እሳቸው ሲናገሩ ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ ሳይ፣ እርሳሱ በእኔ እጅ በሆነ ብዬ ተመኝቻለሁ። እስካሁንም አልተወኝም።