ጀርመኗ የሠራችው እስር ቤት

የታሰርኩባትን ክፍል ሳያት ግድግዳዋን ነካ አደረግሁት። የጣውላ ናት፤ እዚሁ ሮም ጀርመኗ ሴትዮ መድረክ ላይ ያቆመቻት። የነገርኳትን ሁሉ አድርጋለች፤ ከጣራው ሥር ጠባቧን መስኮት፣ በሩ ጥግ የሽንት ባልዲውን። ሽታው ብቻ ነው የጎደለ።

ሴትዮዋ በልጅነቷ የኦፔራ ዘፋኝ ነበረች። ድምጿ ሲደክምባት መድረኩን ጥላ መሄድ አቃታት። ሌሎቹን እዚህ ቁሙ፣ እንዲህ በሉ እያለች ቀረች፤ ቴአትር አዘጋጅ ሆነች። እናትሽ ቤቷን ስታጸዳ ነው የእኔን መታሰር ያወራችላት።

አሎራ፣ እንግዲህ በልምምዱ ቀን አብራኝ የታሰረችውን ልጅ የምትሆነው ተዋናይ ጠባቂው ሲጠራት ጮኸች። እኔ ደሜ ፈላ። ያቺ ልጅ አልጮኸችም፤ ጮኻለች ተብሎ እንዲታይባት አልፈለግሁም። አስተርጓሚዬ አንቺ ነሽና ንገሪልኝ አልኩሽ።

ሴትዮዋ ቆጣ አለች። "በኦፔራ የምትሞት ሴት ብዙ ትዘፍናለች። ዝም ካለች እንደምትሞት ሰው በምን ያውቃል?" አለች ብለሽ ነገርሽኝ።

እኔም የሆነውን ነገርኳት። አገር ቤት እኔን ፊደል የማልቆጥረዋን የተቃውሞ ወረቀት በትነሻል ብለው ነው ያሰሩኝ። አንድ ጠዋት አብራኝ የታሰረችውን ልጅ ሹሩባ እየሠራኋት፣ ጠባቂው በሩን ከፍቶ "ከነዕቃሽ ውጪ" አላት። እዚያ ክፍል እንዲህ የተባለች ቤቷ አትገባም፤ ሁላችንም እናውቃለን። ግማሹ ቀርቷል፣ ልጨርስላት ብዬ ለመንኩት። ምን እንደነካው እንጃ፣ በሩን ተደግፎ ቆመ። እኔም ሹሩባውን አቀጠንኩት። ቀጭን ቀን ይፈጃል።

ልጅቱ ገባት። "እትዬ፣ አወፍሪው። ተሠርቼ ልውጣ" አለችኝ።

አወፈርኩት። እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ዳሰሰችው፣ ሹራቧን በርዷት ለነበረችው ለአንዷ እስረኛ ሰጠችና ወጣች። ከወጣች ወዲያ ወሬዋን አልሰማሁም።

ሴትዮዋ ይሄን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ኋላ ተዋናይዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ ማበጠሪያ ሰጠችኝ። ሠራኋት፤ እኔን የምትሆነዋም አይታ ያዘችው። ጠባቂ የሚሆነውን ልጅ አትቸኩል አለችው። ጩኸቱንም አስቀረችው።

የትርኢቱ ቀን፣ ሹሩባው እስኪያልቅ ያ ሁሉ ሰው አልሳለም። መጨረሻ ላይ ሲያጨበጭቡ ሴትዮዋ ወደ መድረኩ ጠራችኝ፤ አንቺም ውጪ አልሽኝ። አልወጣሁም። እዚህ ሁሉም የነገርኩትን ያምነኛል። "አይ እትዬ፣ እንዲያ አልነበረም፣ ረስተሽው ነው" የምትለኝ፣ እዚያ ክፍል አብራኝ የነበረች አንዲት ሴት ግን፣ መብራቱ ሲበራ በዓይኔ ፈልጌ አጣሁ።