«እሞታለሁ» በአገውኛ

በጃንሆይ ዘመን ዳንግላ ሳስተምር፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ምሁራን ትምህርት ቤታችን ውስጥ የሳይንስ ጉባኤ አደረጉ። ስለ አፈር፣ ስለ ወባና ስለ ከብት በሽታ ብዙ ተባለ። የቋንቋው ነገር ከሁሉ መጨረሻ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰው ከእንቅልፉ ጋር በሚታገልበት ሰዓት ተደረገ። ማስታወቂያው «የልሳን ጥናት» ይል ስለነበር፣ የበሬው ምላስ የቆሰለበት አንድ ገበሬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ነቅቶ የሚሰማው እሱ ብቻ ስለነበር ማንም ሊያስወጣው አልደፈረም።

የቋንቋው ሊቅ አገውኛ የሚናገር ሽማግሌ ፈለጉ። ዳይሬክተራችን ግቢው ውስጥ ያገኘውን ሽማግሌ ይዞላቸው ገባ፤ የኔን አባት።

አባቴ ከቆሰበር በፈረስ የመጣው ለሳሉ ነበር፤ እናቴም አብራው መጥታለች። ጠዋት ክሊኒክ ወስጃቸው ድሬሰሩ ደረቱን አዳመጠና ክረምቱን የሚያልፍ እንደማይመስለው በአማርኛ ነገረን። እናቴ አማርኛ አትሰማም፤ አጠገባችን ቆማ ፊት ፊታችንን ታያለች። አባቴ ለእሷ ትንፍሽ እንዳልል በዚያው በአማርኛ አስጠነቀቀኝ። ከዚያ ወደ ሳይንሱ ሄድን።

ሊቁ በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ አባቴ በአገውኛ ይመልሳል፣ እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። እናቴ ከጎኑ ተቀምጣለች፤ ከጥያቄው አንድም አይገባትም፣ ከመልሱ ግን አንድም አያመልጣትም። «መብላት» በሰላም አለፈ። «መሄድ»ም አለፈ። ከዓለም ግሥ ሁሉ መርጠው ቀጥሎ ያመጡት «መሞት»ን ነው። ተናደድኩ፤ «መጠጣት» ምን አድርጓቸው ነው? አባቴ «ይሞታል»ን ተረጎመ፤ «ይሞታሉ»ንም ተረጎመ።

«እሺ አባቴ፣ አሁን ደግሞ ‹እኔ እሞታለሁ› ይበሉልኝ» አሉ ሊቁ።

አባቴ ሳለ። እናቴን አየት አደረገና በአገውኛ «እድናለሁ» አለ።

እናቴ «አሜን» አለች።

ሊቁ ልክ መሆኑን ጠየቁኝ። ልክ ነው ብዬ ጻፍኩት። ደስታቸውን ያየ ወንድ ልጅ የተወለደላቸው ይመስለው ነበር። ግሡ ስለ ሌላ ሰው ሲነገር አንድ ሥር፣ ስለ ራስ ሲነገር ግን ፍጹም ሌላ ሥር እንዳለው ለጉባኤው አስረዱ። አሜኑንም ሜዳ ላይ አልጣሉትም፤ ሕዝቡ ሞትን በጸጋ እንደሚቀበል ማስረጃ ነው አሉ። ከከብት በሽታው የበለጠ ተጨበጨበላቸው። የበሬው ባለቤት ግን እጁን አወጣና ለቁስሉ ምን እንደሚደረግለት ጠየቀ። ሳቄና እንባዬ እንደዚያ ቀን አንድ ላይ መጥተውብኝ አያውቁም።

ክረምቱ ሳይወጣ ከቆሰበር ተላከብኝ። ስደርስ አባቴ መደብ ላይ ተኝቷል፣ እናቴ እጁን ይዛለች። ሲያየኝ በአማርኛ ተናገረ፤ ቤታችን ውስጥ አማርኛ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔ መሞቴ ነው ልጄ፤ እሷን አደራ።»

እናቴ ቀና ብላ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ዳንግላ ሰሌዳ ላይ እንደ ጻፍኩት፣ «እድናለሁ ነው የሚለው» አልኳት።

«አሜን» አለች፤ እጁን ግን አልለቀቀችም።