መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ

ባለፈው ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ በስደት በምኖርባት በዌስት ሴንት ፖል ከተማ የምንከባከባቸው አሮጊት እጄ ላይ ሊሞቱብኝ ነበር...

ሴትዮዋ የስሎቫክ ተወላጅ ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው በልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ይናገራሉ። በዚያ ዕለት ኤሲው ተበላሽቶ ነበርና የጠዋቷ ተረኛ ትዕግሥት መስኮቱን ከፍታ፣ ፋኑን አብርታ ወጣች። እኔ ስገባ ፊታቸው በላብ ርሷል። ላብ ያለበትን ሰው ነፋስ ሊነካው አይገባም ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ፋኑን አጠፋሁ፤ ትከሻቸውንም በሻርፕ ሸፈንሁ። ለወለደችኝ እናቴ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይናቸው ይንከራተት ጀመር። «ኽላድ... ኽላድ...» ይላሉ። ውኃ ባቀርብ አልዋጥ አላቸው። አምቡላንስ ጠራሁ፤ በመንገድ ላይ ነን አሉኝ። ጭንቀቴ ቢጸና ለትዕግሥት ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ፋኑ ይሠራል አይደል?»

«አጥፍቼዋለሁ። ብርድ ይመታቸዋል።»

«በዚህ ሙቀት... ጋሼ?»

ልጅ ናት ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሴትዮዋ ግን ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። ሮጬ የጎረቤታችንን የቦስኒያዊቷን በር ደበደብሁ። ገብታ አንድ ጊዜ ብቻ አደመጠቻቸው።

«ቅዝቃዜ ነው የሚለምኑህ። በእኛም ቋንቋ እንዲሁ ነው፤ ፖላንዶቹም ሩሲያዎቹም ትንሽ ለወጥ አድርገው ይሉታል። መስኮቱን ማን ዘጋው?»

«እኔ።»

«ምን በደሉህ?»

ብርድን የሚሉት የግዕዙ ቁርና የትግርኛው ቁሪ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው እያልሁ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። የእነርሱን ቃል አለማወቄ አያስወቅሰኝም። ላባቸው ግን አስተርጓሚ አይፈልግም ነበር።

መስኮቱን ከፈትን፤ ሻርፑን ገፍፈን በእርጥብ ፎጣ አንገታቸውን አቀዘቀዝን። የአምቡላንሱ ሰዎች ደርሰው ሲያነሷቸው አንደኛው «ጥቂት ቢቆይ ኖሮ...» ብሎ ተወው። እኔ ግን እስከ ማታ ድረስ ዓረፍተ ነገሩን ስጨርሰው ዋልሁ።

ለሱፐርቫይዘሬ የሆነውን ሳልሸሽግ ጻፍሁ። ለትዕግሥትም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ከእኔ የሚያንስን ሰው ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዓርብ ዕለት ሴትዮዋ ደኅና ሆነው ተመለሱ። አሁን መስኮቱን ወለል አድርጌ እከፍታለሁ... እኔው ራሴ ጆሮዬን በፎጣ ሸፍኜ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ።