ከአይከል አንድ አድማጭ

«አንቺ ወጣት ነሽ። እስኪ ንገሪና፣ ወጣቱ ምን መስማት ነው የሚፈልገው?»

ሥራ አስኪያጁ ይሄን ሲጠይቀኝ ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ከተቀጠርኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። ስብሰባው ላይ ዘጠኝ ሰው አለ፤ በዕድሜ ለእኔ የሚቀርበው ሰውዬ ልጁን ድሯል። ስለዚህ ወጣቱ እኔ ነበርኩ። ሙሉው። የጎንደር፣ የደንቢያ፣ የአርማጭሆ ወጣት ተጠቃሎ እዚያ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የሙከራ ጊዜው እስኪያልቅ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ።

ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ሄዶ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ መመለሱ ነው። ከሥልጠናው ያመጣት ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብላለች፤ ሆዷ ላይ «ለውጥ» የሚል ተጽፎባታል። እንዲህ ያለ ቦርሳ ይዞ የሚጠይቅ ሰው መልሱንም ይዞት ነው የሚመጣው። ገብቶኛል።

«ፈጠን ያለ ነገር» አልኩ።

ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤው ላይ «ወጣቱ ፈጣን ሙዚቃ እንደሚፈልግ ከራሱ ከወጣቱ ተረጋግጧል» ብላ ጻፈች። አለቀ። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ የድሮ ዘፈን ሲያሰማ የኖረ ጣቢያ በሦስት ቃል ተገለበጠ። ስንወጣ አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ፣ ወጣቱ!» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ የሚጠራኝ ጠፋ።

ጣቢያው ምን እንደነበር ለማያውቅ ልንገር። ጎንደር ውስጥ ልብስ ሰፊ ሁሉ የስፌት መኪናውን የሚረግጠው በዚያ ጣቢያ ምት ነበር። አዘዞ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሌላ ጣቢያ የከፈተ ሹፌር «ምነው፣ ከነሱ ጋር ተጣላህ እንዴ?» ይባላል። በተለይ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዘፈን ምርጫ አለ። የሚያቀርበው ሽማግሌ ነው፤ ሳሉ ራሱ አድማጭ ነበረው። ከገጠር የሚደውለው ሁሉ «አያ» ይለዋል። እሱም ሳይቸኩል ሰላምታውን ይዘረዝራል፦ ለአክስት፣ ለአበልጅ፣ በሬ ላዋሰ ጎረቤት፣ በሬውን ላላዋሰውም ጎረቤት፣ ቅር እንዳይለው። ዘፈኑ አራት ደቂቃ ከሆነ ሰላምታው ስድስት ነው።

አባቴ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኛ ቤት አይወራም፣ ዕቃ አይታጠብም፣ እንግዳም ከመጣ በር ላይ ይቆያል። ምክንያቱ ዘፈን ወዳድነት ብቻ አይደለም። ወንድሙ ነው።

አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ፣ አይከል ላይ እህል ይነግዳል። እናታቸው የሞተች ጊዜ ለተዝካሯ አንድ በሬ ይታረድ ወይስ ሁለት የሚል ክርክር ተነሣ። አጎቴ ሁለት አለ። አባቴ አንድ ይበቃል አለ። አንድ ታረደ። አጎቴ በሰው ፊት «ወጡ ቀጠነ» አለ። አባቴ በቄስ ፊት «ጠላው ነው የሚናገር» አለ። ከዚያ ሁለቱም ብድግ ብለው «ሁለተኛ ባናግርህ የእናቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!» ብለው ማሉ። ልብ በሉ፣ እናታቸው አንድ ናት። ምስኪኗ ሴትዮ፣ ጸሎት ይደረግልኛል ስትል በአንድ ቀን ለሁለት ሰው እሾህ ሆነች።

መሐላ መሐላ ነው፤ አይፈርስም። ዙሪያውን መሄድ ግን ይቻላል። ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ሐሙስ ሽማግሌው አቅራቢ «ከአይከል አንድ አድማጭ፣ ጎንደር ለሚገኘው ታናሽ ወንድሙ፣ ደህና ነኝ ብሏል» አለና አንድ የድሮ ዘፈን ለቀቀ። ሁለቱ ወንድማማቾች ልጅ ሆነው ትክል ድንጋይ ገበያ ውስጥ፣ ከአንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆመው፣ ባለቤቱ ውሃ ረጭቶ እስኪያባርራቸው የሰሙት ዘፈን ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ አባቴ ደውሎ ያንኑ ዘፈን መለሰ።

«አናገርከው እኮ!» ስለው፣

«እኔ ያናገርሁት ጣቢያውን ነው» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

ሰባት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ሐሙስ ያኛው፣ አንድ ሐሙስ ይሄኛው። መንገድ ሲከፈትም ሲዘጋም፣ ሁለቱ በሕይወት መኖራቸውን የሚያውቁት በዚያች ዘፈን ነበር።

እኔስ? እኔ በዚያ ሰዓት ልብስ እተኩሳለሁ። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚተኮስ ልብስ ጠፍቶ አያውቅም። የድሮ ዘፈን ሁሉ በቃሌ እንደምችል የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ቢሰሙ እስክመረቅ ድረስ መሳቂያቸው እሆን ነበር። ስለዚህ አልሰሙም።

ጣቢያው በአዲስ መልክ ሲጀምር ሽማግሌው አቅራቢ «የማህደር ኃላፊ» ተደርጎ ተሾመ። ማህደሩ አንድ መደርደሪያና አንድ ወንበር ያለበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። በእሱ ቦታ ሁለት አቅራቢዎች መጡ፤ አንዱ ሲናገር ሌላዋ ትስቃለች። የሚከፈላት ለሳቋ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ «ጎንደርዬ! ፏ ብለሻል?» ይላሉ። ጎንደር በዚያ ሰዓት ውሃ መጥቷል ወይ እያለች ቧንቧ እየከፈተች ነው።

የዘፈን ምርጫው ግን «አልቀረም»፤ «ተሻሽሏል»። ስልክ መደወል የለም፣ በቴሌግራም ብቻ። ኢንተርኔቱ ከመብራቱ ጋር ተማክሮ በሚጠፋበት አገር። ሰላምታ ከአሥር ቃል አይበልጥም። ዘፈኑ ደግሞ አድማጩ የፈለገው ሳይሆን ከሃያ ዘፈኖች ዝርዝር ውስጥ ያለ መሆን አለበት። ምርጫ የሚለው ስሙ ግን አልተቀየረም። መልእክቱን የሚያጣራውስ ማን ነው? ወጣቱ።

በሁለተኛው ሐሙስ «ከአይከል አንድ አድማጭ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። አጎቴ የጎረቤት ስልክ ለምኖ፣ የጎረቤት ጣት ለምኖ አስጽፎ ነው። ከአሥር ቃል ይበልጣል፤ ዘፈኑም ከዝርዝሩ ውጭ ነው። በደንቡ መጣል ነበረበት። አልጨከንኩም። ማህደር ክፍል ወርጄ ዘፈኑን ማምጣት እችል ነበር፤ አንድ ደረጃ መውረድ ነው። እሱንም አላደረግኩም። ማስታወቂያው ሊያልቅ ነው፣ አቅራቢዎቹ ከመስታወቱ ወዲያ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆሟል። እኔም መጠበቅ የማልወድ ሰው ነኝ። ዝርዝሩ ላይ እጄ ያረፈበትን ነካሁት።

«ከአይከል አንድ አድማጭ፣ ጎንደር ላለው ወንድሙ! ይኸውልህ ብሮ!» አለ አቅራቢው። ሌላዋ ሳቀች። ከዚያ አንዲት ዘፋኝ «በቃኝ፣ ሂድልኝ፣ አልፈልግህም» እያለች እስኪበቃት ጮኸች።

ቤት ስገባ አባቴ ሬዲዮውን አጥፍቶ፣ ዳንቴሉን አልብሶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮታል። የሬዲዮውን ፊት ማለቴ ነው።

«ሰማሽ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሰባት ዓመት ቂሙን አቆይቶ አቆይቶ ዛሬ ተነፈሰው። አልፈልግህም አለኝ። አገር እየሰማ!»

«አባዬ፣ ዘፈን እኮ ነው።»

«እና እሱ ዘፈን እንጂ ሌላ ምን ልኮልኝ ያውቃል?»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ግን ከተናገርኩ ዘፈኑን ማን መረጠው ይመጣል፤ ከዚያ ዝርዝሩን ምን አመጣው ይመጣል፤ ከዚያ ሦስቱ ቃላት ይመጣሉ። «ራት ምንድን ነው?» አልኩ። በግልጽ ተናጋሪነቴ የምታወቅ ልጅ።

አባቴ መልስ መላክ ተወ። ቢፈልግም በምን ይልካል? ስልኩ ቴሌግራም ሊከፍት ቀርቶ ሰዓት ሲነግረው ያቃስታል። ማህደር ክፍሉ በር ላይ ደግሞ ሽማግሌው ተቀምጦ ባለፍኩ ቁጥር ይጠብቀኛል።

«እንዴት ዋለ ወጣቱ? ጤናው ሸጋ ነው?»

«ደህና ነው።»

«የጎንደሩ ወንድም ምነው ጠፋ? ታሞ እንዳይሆን።»

የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቅም። ወይም ያውቃል። ሳልቆም አለፍኩ።

አጎቴ ያን ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶበት የላከውን ራሱ አልሰማም። በሚቀጥለው ሐሙስ መልስ ጠበቀ። የለም። ደግሞ ጠበቀ። የለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ተራውን ያላጓደለ ሰው ድምፁ ሲጠፋ ምን ይባላል? ስልክ ደውሎ ማጣራት አለ አትበሉኝ። «ወንድሜ ሞቷል ወይ?» ብሎ ባዳ መጠየቅ እሱ ዘንድ ከሞቱም ይከፋል። ስለዚህ አልጠየቀም፤ ደመደመ። ሞቷል፣ ተቀብሯል፣ በጠቡ ምክንያት እኔን አላረዱኝም አለ። መንገዱ ደህና ነው የተባለ ቀን ጠብቆ ተሳፈረ።

ቅዳሜ ጠዋት ከበራችን ላይ «ወንድሜን! ወንድሜን! ሳልታረቅህ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ አጎቴ ጋቢውን አደግድጎ ደረቱን ይመታል። የእኛ ሰፈር ሰው ለቅሶ ሲሰማ አያጣራም፤ መጀመሪያ ያለቅሳል። ደቂቃ ሳይሞላ ግቢው ሞላ። የፊት ለፊት ጎረቤታችን ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብላ «እንዲያ ያለ ደግ ሰው!» ትላለች፤ ባለፈው ሳምንት በውሃ መውረጃ ቦይ ሰበብ «እንዲህ ያለ ክፉ ሰው አይቼም አላውቅ» ያለችው እሷው ናት። የእድሩ ዳኛ ድንኳን ይምጣ ብሎ ሰው ልኳል።

በዚህ መሀል ሟቹ ወጣ። ጢሙን እየተላጨ ነበር፤ ግማሽ ፊቱ ሳሙና ነው። ጎረቤታችን «በስመ አብ!» ብላ ከደጃፉ ተነሣች፤ ትንሽ ቅር ያላት ይመስላል።

አጎቴ ቀጥ አለ። አፉን ከፈተ። መሐላው ትዝ አለውና ዘጋው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አልሞተም ወይ በይልኝ።»

«አባዬ፣ አልሞትክም ወይ ይልሃል።»

«ሰው በሬዲዮ አልፈልግህም ብሎ ሰድቦ፣ ደግሞ ሊቀብር ይመጣል ወይ በይልኝ።»

ሁለቱም አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመው፣ አገር እየሰማ፣ በእኔ በኩል ይነጋገራሉ። የኮሙኒኬሽን ዲግሪዬን በሥራ ላይ ያዋልኩት ያን ቀን ነው።

«እኔ?» አለ አጎቴ፣ ማልቀሱን ረስቶ። «እኔ ያን የጥንቱን ነው የላክሁ! ልጄ፣ ማን ነው የለወጠብኝ?»

ሁለቱም የት እንደምሠራ ትዝ አላቸው። ጎረቤቱም ትዝ አለው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ?»

«ዝርዝር አለ... ሃያ ዘፈን ነው ያለው... ሰዓት ሄዶብኝ...»

«አራት ዓመት ተምራ መልእክት ማድረስ አቃታት!» አለ አጎቴ ለተሰበሰበው ሁሉ። «እኔ የምጭናት አህያ ሳትማር ታደርስ የለም?»

ሰው ሳቀ። ለለቅሶ የመጣ ሰው እንዲያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። አባቴ ግን አልሳቀም።

«ማን ነው ይሄን ዝርዝር ያመጣ?»

«ወጣቱ ፈልጎ ነው ተብሎ።»

«የትኛው ወጣት?»

«እኔን ጠየቁኝ። ፈጠን ያለ ነገር አልኳቸው።»

ሳሙናው ጉንጩ ላይ ደርቋል። ሲናገር እየተሰነጠቀ ይረግፋል።

«አንቺ? ሐሙስ ሐሙስ ካውያው ቀዝቅዞ እንኳ አንዲት ሸሚዝ ላይ ሰዓት ሙሉ የምትመላለሺው አንቺ?»

ለካ ያውቅ ነበር።

አጎቴ ምሳ በልቶ፣ አድሮ፣ እሁድ ተመለሰ። አልታረቁም፤ የእናታቸው አጥንት አለ። «ጨው አነሰው በይልኝ» እና «የሁለት በሬ ወጥ አይደለም በይው» እየተባባሉ ግን ወጡን ጨረሱት። «ዘፈኑ እኮ ስልኬ ላይ አለ፣ ልክፈትላችሁ» አልኳቸው። አጎቴ አየኝና «ባንቺ ስልክ ብሰማው ማን ላከው ሊባል ነው?» አለኝ። መናኸሪያ ስሸኘው፣ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ሆኖ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባትሽን፣ እንግዲህ ሐሙስ ምን ልጠብቅ በይልኝ።»

ይቺን ለአባቴ አላደረስኳትም። ጥያቄዋ የምትመለከተው እሱን ሳይሆን እኔን ነበር።

ሰኞ ስብሰባ ነበር። ያው ዘጠኝ ሰው፣ ያቺው ቦርሳ። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎታል። የዘፈን ምርጫው ተወዷል አለ፤ ገጠር ሳይቀር ገብቷል አለ። «ለምሳሌ ከአይከል የሚጽፍልን አንድ ወጣት አለ» ብሎ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየን። ቀጥሎም ሐሙስን ሙሉ በሙሉ በዝርዝሩ ለማስኬድ፣ የአድማጭ መልእክት የሚባለውንም ለማስቀረት እንዳሰበ ነገረን። ጸሐፊዋ ብዕሯን አነሣች። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«እስኪ ወጣቱ፣ ምን ትያለሽ? ወጣቱ ምን መስማት ይፈልጋል?»

«የአይከሉ ወጣት አጎቴ ነው፤ የልጅ ልጅ አይቷል። የላከላችሁ የድሮ ዘፈን ነበር፣ የለወጥኩበት እኔ ነኝ። ሌላ ወጣት አላውቅም። እኔን ከሆነ የጠየቃችሁኝ፣ እኔ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቀዘቀዘ ካውያ ሸሚዝ እየተኮስኩ፣ ከአባቴ ጋር የድሮ ዘፈን ነው የምሰማው። ያን ቀን የነገርኳችሁ ውሸት ነው። ጻፊው።»