ከኋላዬ ያለው ወንበር

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ምስር መልቀም ነበር። ፍኖተ ሰላም ባለችው የክርና የቁልፍ ሱቃችን ደጃፍ ሰፌዱን መሀላችን አድርገን፣ እሱ ከአሮጌ የፈተና ወረቀት ጥያቄ ያነባል፣ እኔ እመልሳለሁ። ከሳትኩ እኔ እፍኝ እለቅማለሁ፣ ካገኘሁ እሱ። መልሱ ያለው እሱ እጅ ስለነበር ያን ቀን አንድም ጥያቄ አላገኘሁም።

“ይሄማ ማጭበርበር ነው” ስለው፣

“ልምድ ነው እንጂ” አለኝ።

እውነቱን ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስንፈተን ከኋላዬ ተቀምጦ ሁሉንም ከእኔ ገልብጧል። በአንድ ዓይነት ስሕተት ሁለታችንም ወደቅን። ለምን በደንብ አላጠናሽም ብሎ ሊወቅሰኝ ቤታችን ድረስ መጣ፤ በዚያው ተጋባን።

አምና “አሁን እንኳ አጥንተን እንፈተን” አለና ሁለታችንንም በግል ተፈታኝነት አስመዘገበን። ገና ሳንፈተን በዩኒቨርሲቲ ምርጫ ተጣላን። እኔ ባሕር ዳር ይቅደም አልኩ። እሱ “ባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ ዘመድ እየመጣ አያስጠናንም” ብሎ አዲስ አበባን አንደኛ ጻፈ።

ምስሩን በለቀምን ማግስት ክር ሊያመጣ ቡሬ እንደሄደ ልቡ ቆመ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አርባው የዋለው በፈተናው ሳምንት ነው። ተፈታኝ ደግሞ ፈተናው የሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ አንዴ ከገባ እስኪጨርስ አይወጣም። ታላቅ እህቱ ከሽንዲ መጡ።

“ምነው አንች! የባልሽ ተዝካር ሳይወጣ እርሳስ ይዘሽ ልትሄጂ?”

“እትዬ፣ እሱ ራሱ ነው ያስመዘገበኝ።”

“እሱማ ሞቶም አያርፍ!” ብለው ሳቁ፤ ሳቁን ሳይጨርሱ አለቀሱ።

ነገሩ ለንስሐ አባታችን ቀረበ። አባ ሰምተው ሲያበቁ፣

“ለማለፍ ስንቱን ማግኘት አለብሽ?” አሉኝ።

“ግማሹን፣ አባ።”

“ግማሹን ብቻ?” ደነገጡ። “እኛ ድጓ ስንማር አንድ ቃል ከሳትን እንደገና ከመጀመሪያው ነበር። ሂጂ ልጄ። ጸሎቱን እኔ አደርሳለሁ፣ ድግሱ ስትመለሺ ይደርሳል። ግማሽ ካቃተሽ ግን የማን የንስሐ ልጅ ነሽ ሲሉሽ ስሜን እንዳታነሺ።”

በግቢው በር ላይ ፈታሿ ጥቁር ልብሴንና የተላጨ ራሴን አይታ፣ “እማማ፣ ልጅዎን መሸኘት እስከዚህ ነው” አለችኝ። ገና አርባ ዓመቴ ነው። ተፈታኟ እኔ መሆኔን ስትሰማ ብርድ ልብሴን ሁለት ጊዜ በረበረችው። ማደሪያ ክፍል ደግሞ የደረሰኝ የላይኛው አልጋ ነበር፤ ሦስት ልጃገረዶች ከሥር እየገፉ አወጡኝ።

መቀመጫ የሚሰጠው በምዝገባ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከኋላዬ ያለው ወንበር የእሱ ነበር። ፈታኙ ወረቀት አኖረበትና ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራ።

“የሚያውቀው አለ?”

“ባለቤቴ ነው” አልኩ።

“ምነው ቀረ? ሳያጠና ቀርቶ ነው?”

“እሱ መቼም አያጠናም” አልኩት። ጥቁሩን ልብሴን ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው መሰለኝ፤ ወረቀቱን ቀስ ብሎ አነሣው።

ሒሳብ ነበር። ከኋላዬ ላለ ሰው እንዲታየው ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ፣ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ስጽፍ እንደቆየሁ የገባኝ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ነው። ከሃያ ዓመት በፊትም የምጽፈው እንዲሁ ነበር። አንድም ቀን አልነገርኩትም።

ውጤቱ ሲመጣ ሌላውን አልፌ ሒሳብ ጣለኝ፤ ለግማሹ ጥቂት ጎደለኝ። ሁለት ቀን ሱቅ አልከፈትኩም። በሦስተኛው ቀን ሄጄ እንደገና ተመዘገብኩ። አሁን ጠዋት ጠዋት ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በዕድሜ ልጆቼ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ሒሳብ እማራለሁ።