ቤት ሳንባ አለው እንዴ?

በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ሰባ አራት ዓመቴ ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ሲል። ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር ያለው ቤታችን አሮጌ ነው፤ ወለሉ ጣውላ፣ ከጣውላው ስር ሰው በደረቱ ካልተሳበ የማይገባበት ባዶ ቦታ አለ። ብርዱ የሚወጣው ከዚያ ነው። ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ስግደት ግን አትተውም።

"ወለሉ ካልሞቀ ጾሙን የምጾመው ልጄ ዘንድ ነው" አለችኝ። ልጃችን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ሙቀት ሞልቷታል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው!

ልጄ ከወለል ስር ኢንሱሌሽን፣ ማለት ብርድ መከላከያ፣ የሚያለብስ ሰው ይዛ መጣች። ሱፍ የሚመስል ጥቅል አወረደ፤ ጣውላ ነቅሎ እንደ ፍልፈል ገባ። ብዙም ሳይቆይ ብቅ አለ፤ በእጁ የእኔን ጋቢ ይዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ ቤት ሲሠራ ከግድግዳው ግርጌ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጡብ ያስገባል። እኔ ደግሞ ቤቱ የገባን ሰሞን ያንን ሁሉ በአሮጌ ጋቢ ወትፌዋለሁ። በአውቶቡስ መስኮት የገባ ነፋስ አንገት ያጣምም የለ? ማንም ያገሬ ሰው ይወትፈዋል።

ሰውየው በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ። ልጄ አሳጠረችው።

"አባዬ፣ ቀዳዳው መከፈት አለበት ይላል። ቤቱ መተንፈስ አለበት።"

"ቤት ይተነፍሳል? ሳንባ አለው እንዴ?"

"እንጨቱ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ነው፣ ራስህ ቼክ አድርግ ይላል።"

"ነፋስ ዝጋልኝ ብዬ ብጠራው ጭራሽ በር ይከፍትልኛል!"

ጎንበስ ብዬ እንጨቱን ዳሰስኩ። ርሷል። አፌ ግን አልተሸነፈም። "ለንደን ውስጥ ምን ደረቅ ነገር አለ?" አልኩ።

ሰውየው ቀዳዳው ከተዘጋ አልሠራም ብሎ ሱፉን መጠቅለል ጀመረ። ይሄኔ ባለቤቴ ከጓዳ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች።

"አንተ ሰውዬ፣ ወይ ጋቢህ ይወጣል፣ ወይ እኔ እወጣለሁ።"

"ብርድ ሲመታሽ እንዳትጠሪኝ!"

"አንተን ጠርቼ ምን ላተርፍ? ቡትቶ ልትወትፍብኝ?"

ልጄ ሳቀች። ሰውየውም ሳይገባው አብሮ ሳቀ። በገዛ ቤቴ!

"ይሥራ እንግዲህ" አልኩ።

እስኪመሽ ሱፉን በእንጨቶቹ መሀል ሲጠቀጥቅ ዋለ፤ ቀዳዳዎቹን ግን ወለል አድርጎ ከፍቷቸው ሄደ። ሻንጣው ጓዳ ተመለሰ እንጂ አልተፈታም። "ነገ ጠዋት ሰግጄ አየዋለሁ" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሂተር ላይ ያደረቅሁትን ጋቢ ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ። ቀዳዳው ፊት ተንበረከክሁ። ልወትፈው ስል ከውስጥ ጉልበቷ ወለሉን ሲነካ ሰማሁ፤ ድም። ተነሳች። ደግሞ ድም። እንደ ወትሮው ማቃሰት፣ ማረፍ የለም፤ ወለሉ ሞቋታል። ጡቡን ሌሊት ነፋስ ያመጣው ቅጠል ሸፍኖታል። ሳንባ አለው ብዬ አይደለም፤ ብቻ ቅጠሉን በጋቢው ጫፍ ጠረግሁለትና ሻንጣዋን ልፈታ ገባሁ።